የልጅሽ ኩላሊት አብጧል ለተባላችሁ እናቶች

ስታዲየም አካባቢ አልትራሳውንድ የምታይ አንዲት ሐኪም አለች። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እነግራለሁ።

እርግዝናዬ ሰባተኛ ወር ሲገባ ለክትትል ሄድኩ። የሚያየኝ ባለሙያ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «ግራ ኩላሊቱ አብጧል» አለኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ስጠይቀው «ወረቀቱ ላይ አለ» ብሎ ተረኛ አስጠራ። ከፍዬ፣ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ ያገኘሁት መልስ ይሄ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ «ላይሰራ ይችላል፣ ተዘጋጂ» ተባልኩ። ለምኑ ነው የምዘጋጀው? የነገረኝ የለም። ነፍሰ ጡርን እንዲህ አድርጎ መሸኘት በጣም ያሳዝናል። ባለቤቴ እንቅልፍ አጣ፤ እናቴ ጸበል ይዛ መጣች።

ወደዚህችኛዋ የላከችኝ የባለቤቴ እህት ናት፤ እሷንም እግዜር ይስጣት። ዶክተር ሳልነግራት ፊቴን አየችና «መጀመሪያ አልቅሺ፣ ከዚያ እናያለን» አለችኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ጥቁር ክብ ነገር እያሳየችኝ «ይቺ የልጅሽ የሽንት ፊኛ ናት፣ ሞልታለች። እንጠብቅ» አለች። ውጭ ሰው ሞልቷል፣ እሷ ግን አልቸኮለችም። ቆይቶ ክቧ አነሰች። «ሸና! አየሽው ልጅሽን?» ብላ እጄን ያዘችኝ። ይህቺን ደቂቃ እስክሞት አልረሳትም።

የእንሽርት ውሃው አብዛኛው የሕፃኑ ሽንት ነው፣ በቂ መሆኑ ጥሩ ምልክት ነው አለችኝ። እንዲህ ያለ፣ ሽንት ኩላሊት ውስጥ ሲጠራቀም የሚመጣ እብጠት ከ100 እርግዝና ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ይታያል፤ ቀለል ያለው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፣ ክትትሉ ግን አይቀርም። እብጠቱ የሚለካበት የሚሊሜትር ሒሳብ ዛሬም አይገባኝም። ልጄ እንደሚሸና ግን በዓይኔ አየሁ።

ወንድ ልጅ ወለድኩ፣ ተመስገን። እብጠቱ አንድ ወገን ብቻ ስለነበር «ከተወለደ ከ48 ሰዓት በኋላ በአልትራሳውንድ ይታይ፤ ቶሎ ከታየ እብጠቱ ላይታይ ይችላል» ብላ በእጇ ጽፋልኝ ነበር። እንዳለችው አደረግን። እብጠቱ ቀንሷል፣ አሁንም የሕፃናት ሐኪም ይከታተለዋል። ትኩሳት ከያዘው ሳልውል ሳላድር ሽንቱን እንዳስመረምርም አደራ ብላኛለች።

እባካችሁ፣ እንዲህ የተባለች እህት ካለቻችሁ ብቻዋን አታስጨንቋት፣ ወደዚህች ሐኪም ውሰዷት። የበፊት ወረቀቶቿን ሁሉ ይዛ ትሂድ፤ ዶክተር አንድ በአንድ ታነባቸዋለች። ዶክተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ፤ የወለድሽው ይባረክልሽ።