ስምንት ወር ያፏጨብኝን መኪና ዝም ላሰኘልኝ ልጅ

ስምንት ወር ሙሉ መኪናዬ ውስጥ ፉጨት ይዤ ስዞር ነበር። ሞተር ሲነሳ ከስፒከሮቹ ቀጭን ድምፅ ይጀምራል፤ ነዳጅ ስረግጥ አብሮኝ ይቀጥናል፣ እግሬን ሳነሳ አብሮኝ ይወርዳል። ሙዚቃው ከፍ ሲል ይሸፈናል። ዜና ሳዳምጥ ግን ጆሮዬ ውስጥ የገባች ትንኝ በሉት። ልጄ "አባዬ፣ መኪናው እያለቀሰ ነው" ትለኝ ነበር።

ያንን ፉጨት በአንድ ከሰዓት በኋላ ላጠፋልኝ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ እናንተም እወቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሱ በፊት ሁለት ቦታ ሄጃለሁ። አንደኛው ጋ ፊልተር (ፉጨት ማጣሪያ) በቴፑና በአምፕሊፋየሩ (በድምፅ ማጉያው) መሀል አስገቡልኝ፤ ፉጨቱ ቀነሰ፣ ቤዙም አብሮ ቀነሰ። ሁለተኛው ጋ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ "ዲናሞው ነው፣ ቀይረው" ተባልኩ። እውነቱን ለመናገር ልቀይር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይሄ ልጅ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀኝ። "ጋሼ፣ ቴፑን ዜሮ ሲያደርጉት ይጠፋል?" ለካ ስምንት ወር ሙሉ ሞክሬው አላውቅም! ዜሮ አደረግነው፤ ፉጨቱ እንዳለ ነው። "እንግዲያው የሚገባው ከቴፑ የድምፅ መቆጣጠሪያ በኋላ ነው" አለና ግማሹን መኪና ከጥርጣሬ አወጣው።

ዲናሞውንም ዝም ብሎ አላለፈውም። ሞተሩ እየሠራ መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በኤሲ፣ ማለትም በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አድርጎ ባትሪው ላይ ለካ፤ 0.03 ቮልት። ዲናሞ መጀመሪያ የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፣ ቀጥተኛ የሚያደርጉት ዳዮዶቹ ናቸው፤ አንዱ ቢቃጠል ቁጥሩ ከፍ ብሎ እዚህ ይታይ ነበር አለኝ። አዲስ ዲናሞ ከመግዛት የተረፍኩት በዚች ደቂቃ ነው።

ቀጥሎ ከአምፕሊፋየሩ ድምፁን ከቴፑ የሚያመጣውን ቀይና ነጭ የአርሲኤ ገመድ ነቀለ። ጸጥ! በቦታቸው የራሱን ስልክ ሰካ፤ ዘፈኑ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፣ ፉጨት የለም። ስልኩ በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ ከመኪናው ማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ከሚመለስበት ብረት) ጋር አይገናኝም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ቴፑና አምፕሊፋየሩ ማሳቸው እኩል አለመሆኑ ነው። ልዩነቱን ለማካካስ ኤሌክትሪኩ በአርሲኤው መከለያ ሽቦ ይመላለሳል፣ ከጤነኛ ዲናሞም የማይጠፋውን ትንሽ ፉጨት ይዞ ይገባል። እንዲህ ቀለል አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ የኋላውን ምንጣፍ ገለጠ። የአምፕሊፋየሩ የማሳ ሽቦ የታሰረው ወንበሩ ሥር ባለ ብሎን ላይ ነው። ሙዚቃ እየተጫወተ በብሎኑና በባትሪው ኔጋቲቭ መሀል ለካ፤ 0.4 ቮልት። ብሎኑን ሲፈታው ከሥሩ የፋብሪካው ቀለም እንዳለ ተቀምጧል፣ አንዲት ጭረት እንኳን የለውም። የገጠመው ሰው አልፋቀውም ማለት ነው። ልጁ ብረቱ እንደ መስታወት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጨምሮ አጥብቆ አሰረው። ደግሞ ሲለካ 0.02።

ሞተሩን አስነሳን። ፉጨቱ በጣም ቀንሷል፤ ግን ጆሮ ለሚሰጥ ሰው አለ። እኔ "በቃ፣ ይበቃኛል" ብዬ ነበር። እሱ አልበቃውም። አርሲኤው ከዋናው የባትሪ ገመድ ጋር በአንድ ጎን ታስሮ መሄዱን አሳየኝና በሌላው ጎን እንደገና ዘረጋው፤ የቴፑንም ቀጭን የማሳ ሽቦ አውጥቶ ዳሽቦርዱ ውስጥ ካለው ብረት ጋር በወፍራም ሽቦ አሰረው። ያ ፊልተርም ወጣ። ቤዙ ተመለሰ።

በመጨረሻ ሞተሩ እየሠራ ነዳጅ ረገጥኩ። የሰማሁት የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነው።

ሌላ ዕቃ እንድገዛ አልገፋፋኝም፤ ሮንዴላና ጥቂት ሜትር ሽቦ ብቻ ነው የገባው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፦ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ለችኩል ሰው አይሆንም።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ ብቻውን ስለሚሠራ በአንድ ቀን እንዳይጨናነቅ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የግራው በር ስፒከር ቤዝ ሲመታ ይንቀጠቀጣል ያልኩህን አልረሳሁም፤ ቅዳሜ ይዤልህ እመጣለሁ።