ዌልስ ገጠር ብዙ ሆናችሁ ለምትሄዱ፦ የኛን ሹፌር ያዙ

ይህን የምጽፈው ለማመስገንም ለመጠቆምም ነው። በርሚንግሃም ነው የምንኖረው። ቤታችን ሰው ሞልቶበታል፤ እኔና ባለቤቴ፣ ልጆቻችን፣ እህቴ ከነልጆቿ፣ ዘንድሮ ደግሞ ከጎጃም የመጡት አማቴ እማማ። አንድ ላይ እንውጣ ካልን ሁለት መኪና አይበቃንም። በሦስት ከሄድን ደግሞ አንዱ መንገድ ይስታል፣ አንዱ ነዳጅ ሊቀዳ ይቆማል፣ በአንዱ ውስጥ ልጅ ያስመልሰዋል። ስለዚህ በዚህ ሰመር ፖዊስ በምትባለው የዌልስ አውራጃ ውስጥ የሚሠሩ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ያዝን። ድሮ በግ አርቢ የነበሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ የሥራ ሰው እንጂ የፌስቡክ ሰው አይደሉም።

አካሄዳችን ቀላል ነው። ከበርሚንግሃም ወደ አበሪስትዊዝ የሚሄደውን ባቡር ይዘን ኒውታውን እንወርዳለን። እሳቸው ከሰዓቱ በፊት ደርሰው ጣቢያው ጋ ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጣጣ የሳቸው ነው።

መጀመሪያ የወሰዱን ኢላን ሸለቆ ነው፣ ራያደር የምትባለው ከተማ አጠገብ። እኔ ግድብ ምን ይታያል ብዬ ነበር የሄድኩት። ለካ ቤታችን ከቧንቧ የምንቀዳው ውሃ የሚመጣው ከዚህ ነው! ሥራው በ1893 ተጀምሮ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ በ1904 መረቁት (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ውሃው እስከ በርሚንግሃም 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ያለ ፓምፕ፣ በቁልቁለት ብቻ። ቁልቁለቱ ለዓይን አይታይም፤ ውሃው መንገድ ላይ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ሹፌራችን ይህን ሁሉ ከነገሩን በኋላ ዝም ብለው አላለፉም። ሸለቆው ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ይኖር እንደነበር፣ ካሳ ያገኙትም ባለመሬቶቹ ብቻ እንደሆኑ ነገሩን። ቤቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ ውሃ ውስጥ ቀርተዋል። ልጄ ለእማማ ስታስተረጉም እማማ ወዲያው «ሰዎቹስ ወዴት ገቡ?» አሉ። ሹፌሩ ጥያቄውን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቋንቋ ሳይኖራቸው ወዳጅ ሆነዋል።

በዚያው ቀን ጊግሪን ወደሚባለው እርሻ ጎራ አልን። በሰመር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቀይ ጭልፊቶች ሥጋ ይበተናል፤ ሰማዩ በክንፍ ይሸፈናል። ይህ ወፍ ከእንግሊዝና ከስኮትላንድ ጠፍቶ የተረፈው እዚህ መሀል ዌልስ ውስጥ ብቻ ነበር። እማማ ግን ብዙም አልገረማቸውም። ጭልፊት ለሳቸው ጫጩት ሌባ ነው።

ሐምሌ ውስጥ ቢልዝ ዌልስ አጠገብ ላንኤልወድ ላይ የሚደረገውን ሮያል ዌልሽ ሾው ሄድን። ይህን ዝግጅት ላላያችሁ፦ አራት ቀን የሚቆይ ትልቅ የገበሬዎች በዓል ነው። በ1904 አበሪስትዊዝ ላይ ተጀመረ፤ ከ1963 ወዲህ ቦታው ላንኤልወድ ነው። በግ ሸላቾች ይወዳደራሉ፣ መጥረቢያ የያዙ ጎረምሶች ግንድ ይቆርጣሉ፣ ኮርማዎች ታጥበውና ተበጥረው ይሰለፋሉ። ብቻችንን ብንሄድ ኖሮ እንደ ሕዝቡ ስንጋፋ ውለን እንመለስ ነበር። ሹፌራችን ግን በጠዋት አስገቡንና እማማን ቀጥታ ወደ ጥቋቁሮቹ የዌልስ ከብቶች ወሰዷቸው። እማማ አንዱን ኮርማ ዞረው አይተው «ይሄ ያርሳል ወይስ ለሥጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ አስረዳቸው። ልጆቹ አይስክሬም ሲሉ እሳቸው ከብቱ ጋ ዋሉ።

ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ነው። ሹፌራችን ሁላችንም ወተት ያለበት ሻይ ስንመልስ አይተው ምክንያቱን ጠየቁ። ከዚያ በኋላ የምንቆምበት ካፌ አስቀድመው እየደወሉ ቅቤ የሌለው ዳቦ፣ ባቄላና የተቀቀለ ድንች ያዝዙልን ጀመር። ማንም አላዘዛቸውም። እኔ ለዚህች ብቻ ባመሰግናቸው በቂ ነበር።

በጾሙ ውስጥ ነው ከአበሪስትዊዝ በእንፋሎት ባቡር ወደ ዴቭልስ ብሪጅ የወጣነው። ጠባቧ ባቡር ከ1902 ጀምሮ ትሠራለች፤ ሸለቆውን እየታከከች አንድ ሰዓት ያህል ትወጣለች። ላይ ሦስት ድልድዮች አንዱ በአንዱ ላይ ተሠርተዋል። ወደ ፏፏቴው የሚወርደው ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰው አይሆንም። ሹፌሩ ሚኒባሱን ይዘው በመኪና መንገድ ቀድመውን ደርሰው ነበር። እማማን አስቀምጠው በልጄ አስተርጓሚነት የድልድዩን ተረት አወሩላቸው፦ ላሟ ወንዙን የተሻገረችባት አሮጊት፣ መጀመሪያ የሚሻገረውን ነፍስ ልውሰድና ድልድይ ልሥራልሽ ያለ ሰይጣን፣ ዳቦ ወርውራ ውሻዋን ያሻገረችበት ብልሃት። እማማ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እስካሁን ለሚደውልላቸው ሁሉ ይተርካሉ።

ስለ አነዳዳቸውም ልበል። የገጠሩ መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ነው፤ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ፣ መሀሉ ላይ በግ። ትራክተር ከመጣ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። እሳቸው ያንን ሁሉ ሰው ጭነው ሳይነጫነጩ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። መኖሪያ መንደር ሲደርሱ ፍጥነታቸውን በሰዓት ወደ 20 ማይል ይቀንሳሉ፤ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ የዌልስ ሕግ ነው። ፈቃዳቸውም ሙሉ ነው። ከ8 በላይ መንገደኛ በክፍያ የሚጭን መኪና የኦፕሬተር ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ምልክቱ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ሌላ ሹፌር ብትይዙም እሱን ሳታዩ ልጆቻችሁን አታሳፍሩ። ርካሽ ነኝ ብሎ ያለ ፈቃድ የሚሠራ አለ።

ጉድለት የላቸውም አልልም። ሙዚቃ አይወዱም፤ ልጆቹ የቴዲ አፍሮን ዘፈን ለማስከፈት ብዙ ለምነው ተሸንፈዋል። ሰዓት ላይ ደግሞ ምሕረት የላቸውም፤ ሁለት ሰዓት ካሉ ሁለት ሰዓት ነው። ስልካቸው ቀን ላይ ኔትወርክ ስለማያገኝ ማታ ደውሉላቸው። በጎች በሚወልዱበት በጸደይ ወራት ልጃቸውን ስለሚያግዙ ሥራ አይቀበሉም።

ዋጋቸው ሦስት መኪና ነዳጅ ከምንሞላውና ለማቆሚያ ከምንከፍለው ብዙም አይበልጥም። ስልካቸውን የሚፈልግ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። የነሐሴ መጨረሻዋን የባንክ በዓል እሑድ ግን እንዳትጠይቁ፤ ላንርቲድ ዌልስ ላይ ረግረግ ውስጥ በተቆፈረ ቦይ የሚደረገውን የዋና ውድድር ልናይ እኛ ይዘናታል። ተወዳዳሪው በእግሩ ፍሊፐር (የዋና ጫማ) ብቻ እየቀዘፈ 55 ሜትሩን ቦይ ደርሶ መልስ ይዋኛል፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይወጣል። የእህቴ ትልቁ ልጅ ካልተመዘገብኩ ብሏል፤ እናቱ ገና አልፈቀደችም።