ሞተሩ ሞቆ የሚጠብቃችሁን መኪና አትግዙ

ያገለገለ መኪና ልትገዙ የተዘጋጃችሁ ሁሉ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ሰማያዊ ጭስ የሚተፋ ሞተር ለጥቂት ሳምንታት ጭሱ እንዲጠፋ ተደርጎ እየተሸጠ ነው። ታናሽ እህቴ የዓመታት ቁጠባዋን ያወጣችበት መኪና እንዲህ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ገበያው የሚሽከረከረው እዚሁ ባሉት አሮጌ ሞተሮች ላይ ነውና ነገሩ ብዙ ሰው ይነካል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የፒስተን ፋሻው (ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር አጥብቆ የሚገጥመው ቀለበት) ያለቀ ሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ ያሾልካል፤ ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ሲቃጠል ጭሱ ሰማያዊ ይሆናል። ሻጩ ትክክለኛውን ዘይት ያስወጣና ለሞተሩ ከታዘዘው እጅግ የወፈረ ዘይት ይሞላል፤ በላዩም ጭስ ማጥፊያ እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን ማወፈሪያ ይጨምርበታል። ወፍራሙ ዘይት በላላው ፋሻ በኩል እንደ ልቡ አያልፍም፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ድምፁም ይለሰልሳል። ሞተሩን ግን ማንም አልጠገነውም። ማወፈሪያው ኃይሉን ሲጨርስ ወይም እናንተ ዘይት ስትቀይሩ ጭሱ ይመለሳል።

እህቴ መኪናውን ያየችው ታጥቦ፣ ሞተሩም ሞቆ ነው። ዳገት ላይ ሲያቃስት ጠየቀች። ደላላው «እህቴ፣ ከፍታው ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሁሉም መኪና እንዲህ ነው» አላት። ይህ ንግግር አደገኛ የሚሆነው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ጉልበት ያጣል። ነገር ግን ከፍታው ተመሳሳይ ሞተሮችን እኩል ነው የሚቀንሰው። ተመሳሳይ ሞዴል ያለው ወዳጅ ካላችሁ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ማርሽ ንዱትና አወዳድሩ። የእህቴ መኪና ግን ሲቃጠል የኖረው ዘይት ካታሊስቱን፣ ማለትም በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የጭስ ማጣሪያ፣ በጥላሸት ዘግቶት ነበር፤ ሞተሩ መተንፈስ አቅቶት ነው ያቃሰተው። ጭሱና የጉልበት ማነሱ የአንድ በሽታ ሁለት ምልክቶች ነበሩ።

ስለዚህ ሻጩን አስቀድማችሁ «እኔ ሳልመጣ ሞተሩን እንዳታስነሳው» በሉት። ስትደርሱ ኮፈኑን አስከፍቱና እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ከሞቀ ሌላ ቀን፣ በማለዳ ተመለሱ። ሻጩ ሰበብ ካበዛ አትመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር ብዙ ይናገራል፤ በቫልቩ በኩል ዘይት እንዳያልፍ የሚከለክለው የቫልቭ ጎማ ያለቀ ከሆነ ሌሊቱን የተንጠባጠበው ዘይት እንደተነሳ በሰማያዊ ጭስ ይወጣል። በብርዱ ጠዋት የሚታየው ስስ ነጭ እንፋሎት ግን አያስደንግጣችሁ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። ከሞቀም በኋላ የሚቀጥል፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ እየተቃጠለ ነው፤ በሞተሩ ራስ (በቴስታታው) ሥር ያለው ማሸጊያ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ተበልቷል ወይም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ጥቁር ጭስ የነዳጅ ብዛት ወይም የአየር ማነስ ነው፤ አንዳንዴ የአየር ፊልትሮ በመቀየር ብቻ የሚድን ስለሆነ ከሁሉም ያነሰ የምፈራው እሱን ነው።

ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳቡት። ዘይቱ እንደ ማር እየተሳበ የሚንጠባጠብ ከሆነ ማወፈሪያ ተጨምሮበታል። ቁልፉን ግማሽ አዙሩና ሞተሩን ሳታስነሱ ዳሽቦርዱን ተመልከቱ፤ የሞተር ምልክቱ ሊበራ ይገባል። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል ወይም ሸፍኖታል። ከተነሳ በኋላ ደግሞ የዘይት መሙያውን ክዳን አንሱት፤ ከውስጥ ጭስ በየምቱ ፉፍ ፉፍ የሚል ከሆነ ፋሻው አልቋል።

ከዚያ መንገድ ይዛችሁ ውጡ። እኔ የማምነው ፈተና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣትና መውረድ ነው። ሲወጣ ጉልበቱን ታያላችሁ፤ ሲወርድ ደግሞ በዝቅተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ መስጫውን ሳትረግጡ ልቀቁትና ታች ስትደርሱ ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ። ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተላችሁ ሰው ይኑር። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የሳበው ዘይት ካለ በዚያች ቅጽበት ሰማያዊ ደመና ሆኖ ይወጣል፤ ከሾፌሩ ወንበር አይታይም።

ይህን ሁሉ ያለፈ መኪና እንኳ የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበት ግፊት) ልኬት ሳይደረግለት ገንዘብ አትክፈሉ። ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች ይወጡና በየሲሊንደሩ ግፊቱ በመለኪያ ይነበባል፤ ረጅም ሥራ አይደለም። እዚህ ላይ መካኒኮችም ሲሳሳቱ አይቻለሁ። የፋብሪካው መመሪያ 12 ባር ካለ፣ ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛው ሞተር 9 ባር ገደማ ያሳያል። «9 ነው፤ ሞተሩ ይውረድ» የሚላችሁን ጋራዥ ትታችሁ ሂዱ። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የእህቴ መኪና ሦስቱ ወደ 9 ሲጠጉ አንዱ 5 ላይ ቆመ። መካኒኩ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ደግሞ ሲለካው ወደ 8 ዘለለ፤ ዘይቱ የላላውን ፋሻ ለጊዜው ስለደፈነው ነው። ግፊቱ ባይጨምር ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ቫልቩ ወይም ወደ ጓርኒሲዮኑ ይሄድ ነበር። ሙሉ ጥገና ከመፍቀዳችሁ በፊት ይህን ልኬት በዓይናችሁ እዩ።

አንዳንድ ሞተሮች ደግሞ በተፈጥሯቸው ዘይት ይበላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2008 የተሠሩት 2.4 ሊትር ራቭፎሮች በዚህ ይታወቃሉ፤ ቶዮታ ራሱ አሜሪካ ውስጥ ዋስትናውን አራዝሞ ፒስተንና ፋሻ ይቀይርላቸው ነበር። እነዚህን ስታዩ ጥንቃቄያችሁ እጥፍ ይሁን። ደላላው «ቦሎው ታድሷል» ቢላችሁ ደግሞ ቦሎ የሞተር ጤና ማስረጃ እንዳልሆነ እወቁ።

ውል ስትፈርሙ «የሞተሩን ይዞታ አይቼና ወድጄ እንዳለ ገዝቻለሁ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አታስገቡ፤ ይልቁንም ሻጩ ሞተሩ ዘይት እንደማያቃጥል ያረጋገጠበት መስመር ይጻፍ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ኃላፊ ነው፤ አውቆ የደበቀ ሻጭ ደግሞ ከኃላፊነት ነጻ የሚያደርገው የውል ቃል ዋጋ የለውም። ነገር ግን ጉድለቱን እንዳወቃችሁ ሳትዘገዩ ለሻጩ ማሳወቅ አለባችሁ፤ በጽሑፍ ይሁን። ቀድሞ ገዝታችሁ አሁን የተጠራጠራችሁ ካላችሁ፣ ዘይቱን ስታስቀይሩ የወጣውን አሮጌ ዘይት ለማስረጃ በንጹሕ ጀሪካን አስቀምጡት፤ ጋራዡም ያገኘውን ቀን ጠቅሶ፣ ማኅተም አድርጎ በወረቀት ይስጣችሁ።