25,000 ሰዓት የተባለለት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ከሦስት ዓመት አገልግሎት በኋላ

ከሦስት ዓመት በፊት አራት ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች የያዘ ካርቶን ገዝቼ በቤቴ አራት የተለያዩ ቦታዎች ላይ ሰቀልኋቸው። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዕድሜ 25,000 ሰዓት ሲሆን፣ በቀን አምስት ሰዓት ለሚያበራ ሰው ይህ ከ13 ዓመት በላይ ይሆናል። የሳሎኑና የመጸዳጃ ቤቱ አምፖሎች እስካሁን እንደ አዲስ ያበራሉ፤ የኮሪደሩ ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተቃጠለ፣ የመኝታ ቤቱም ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መርገብገብ ጀምሮ ነበር። ከአንድ ካርቶን የወጡ አምፖሎች ይህን ያህል ከተለያዩ፣ ምርቱን ከአጠቃቀሙ ነጥሎ መመዘን ትክክል አይመስለኝም።

የኮሪደሩ አምፖል ተሰቅሎ የነበረው ዙሪያውን በተዘጋ የመስታወት ግሎብ ውስጥ ነው። ኤልኢዲ እንደ ባለ ክር አምፖል ሙቀቱን ከብርሃኑ ጋር በጨረር መልክ አያስወጣም፤ ሙቀቱ በአምፖሉ አካል በኩል ወደ ኋላ ተላልፎ በዙሪያው ባለው አየር መቀዝቀዝ ይኖርበታል፤ አየሩ መውጫ ካጣ ደግሞ አምፖሉ በራሱ ሙቀት ይታፈናል። በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ብርሃን ሰጪው ክፍል ሳይሆን፣ በአንገቱ ውስጥ ተቀምጦ የመስመሩን ኤሌክትሪክ ብርሃን ለሚሰጡት ዳዮዶች እንዲስማማ የሚቀይረው ድራይቨር ነው፤ በተለይም በውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ስሌት ነው። የተቃጠለውን አምፖል ነቅዬ ስከፍተው ያገኘሁትም ይህንኑ ነው፤ ዳዮዶቹ አልጠቆሩም፣ የካፓሲተሩ አናት ግን አብጦ ነበር።

በካርቶኑ ቁጥር ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ የሚነሣ ነው። በዘርፉ ልማድ እንዲህ ያለው ቁጥር የሚያመለክተው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ የሚቆየውን ጊዜ ነው፤ መሠረቱም ብዙ ጊዜ ኤልኤም-80 በተባለው ዘዴ ቢያንስ ለ6,000 ሰዓት የሚካሄድ የዳዮዶቹ ፍተሻ እንጂ ድራይቨሩን የሚጨምር የሙሉ አምፖል ፍተሻ አይደለም። ገዢ ይህን የማወቅ መብት አለው፤ በካርቶኑ ጥግ በደቃቅ ፊደል የሰፈረው «በተዘጋ ግሎብ ውስጥ አይሰቀል» የሚለው ማሳሰቢያም ከቁጥሩ እኩል ጎልቶ መታተም ነበረበት።

የመኝታ ቤቱ መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ማብሪያው ለባለ ክር አምፖል የተሠራ ዲመር (የብርሃኑን መጠን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማብሪያ) ስለነበረ በተራ ማብሪያ ስተካው መርገብገቡ ቆመ። በቀን ደጋግሞ የሚበራውና የሚጠፋው የመጸዳጃ ቤቱ አምፖል ምንም አለመሆኑም አላስገረመኝም፤ በእያንዳንዱ መነሣት የኤሌክትሮዶቹ ሽፋን የሚበላበት ፍሎረሰንት ነው እንጂ ኤልኢዲ በማብራትና በማጥፋት እምብዛም አይጎዳም።

ይህን አምፖል አየር በሚያገኝ ቦታ ለሚሰቅል ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ግሎቡን መክፈት የማይችል ሰው ግን ለተዘጋ ግሎብ እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበትን ሌላ ይፈልግ። እኔ የኮሪደሩን ግሎብ አውልቄ ያንኑ ዓይነት አምፖል መልሼ ሰቅያለሁ፤ ዓመት አልፎትም በደንብ እያበራ ነው።