14 ወር ከካሜራዬ ጋር፦ ለምን እንደሚያኮርፍ አሁን ገብቶኛል

ይህን ካሜራ ከገዛሁ 14 ወር ሆነኝ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ውስጡ መስታወት የሌለው፣ ሚረርለስ የሚሉት ዓይነት። ስገዛው የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ዛሬ ሰው ካሜራ ልገዛ ነው ብሎ ሲያማክረኝ እሷን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው የማነሳት። በእነዚህ ወራት ያበገነኝ ነገር ሁሉ ከፒክስሉ ቁጥር ጋር ዝምድና የለውም።

በሁለተኛው ሳምንት ልጀምር። አንድ ውሻ ኳስ እያሳደደ ወደ እኔ ይሮጣል። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ካሜራው ሦስት ሰከንድ ያህል ተንጣጣና ቀጥ አለ። ውሻው አጠገቤ ደርሶ ኳሱን በአፉ ሲቀልብ፣ ካሜራዬ ትንሿን መብራት እያብለጨለጨ ጭጭ። ተበላሸ ብዬ ልቤ ወረደ።

የተበላሸ ነገር አልነበረም። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሮው በሚባለው፣ ገና ባልተቀነባበረ ጥሬ ፎቶ ፋይል እያንዳንዱ ፒክስል በ14 ቢት ይመዘገባል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 24 ሚሊዮን በ14 ተባዝቶ ለ8 ሲካፈል፣ ሳይታመቅ 42 ሜጋባይት ይሆናል። የኔ ካሜራ በሰከንድ 10 ፎቶ ያነሳል። ስለዚህ በየሰከንዱ 420 ሜጋባይት ይመጣል ማለት ነው። የካርዱ ማስገቢያ ደግሞ ዩኤችኤስ 1 የሚባለው የፍጥነት ደረጃ ነው፤ ጣሪያው በሰከንድ 104 ሜጋባይት፣ እሱም በወረቀት ላይ። የተረፈው በፈር በሚሉት ጊዜያዊ ሚሞሪ ውስጥ ይጠራቀማል። ከላይ በባልዲ እየተሞላ ከታች በቀጭን ቱቦ የሚወጣ በርሜል አስቡ። በርሜሉ ሲሞላ ካሜራው መቆም ግዴታው ነው።

እኔ ግን ይህን ሳላውቅ ፈጣን ካርድ ገዛሁ። ዩኤችኤስ 2፣ ውዱን። ለውጥ የለም! ካርዱን ገልብጬ ሳየው ከጀርባው ሁለት ረድፍ የመዳብ ጥርስ አለው። ፍጥነቱ ያለው በሁለተኛው ረድፍ ነው። የኔ ካሜራ ማስገቢያ ግን የመጀመሪያውን ረድፍ ብቻ ነው የሚነካው። ሁለተኛው እስካሁን ሥራ ፈት ነው። አሁን የታመቀውን ሮው እመርጣለሁ፣ ቁልፉንም አጠር አጠር አድርጌ እጫናለሁ። በዚህ መንገድ ችግሩ ከሞላ ጎደል ተፈቷል።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። አይኤስኦ የሚባለውን የማድመቂያ ቁጥር ስጨምር ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ክፍል፣ ብርሃን አብዝቶ የሚሰበስብ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ብርሃን ሲያርፍበት ፒክስሉ ኤሌክትሮን ያጠራቅማል፤ ብዛቱም የሚወሰነው በመጣው ብርሃን ነው። አይኤስኦ የሚያደርገው ከዚያ የወጣችውን ትንሽ ቮልቴጅ ማጉላት ነው፣ ልክ የሬዲዮ ድምፅ እንደመጨመር። ድምፁ ሲጨምር ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል። ፎቶው ላይ አሸዋ የመሰለው ነገር ጎልቶ የሚታየው ለዚህ ነው።

ኮከብ ላነሳ ሻተሩን፣ ማለትም የብርሃን መዝጊያውን፣ ለ30 ሰከንድ ስከፍተው ደግሞ ካሜራው ከጨረሰ በኋላ ሌላ 30 ሰከንድ ሃንግ ያደርግ ነበር። ሁለት ጊዜ ባትሪውን ነቅዬበታለሁ፤ አላዋቂነት! ለካ ሥራ ላይ ነው። ሴንሰር ሲሞቅ ብርሃን ሳያገኝም ኤሌክትሮን ያፈልቃል። አንዳንድ ፒክስል ይብስበትና ጥቁር ሰማይ ላይ ቀይ ወይም ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ካሜራው ሻተሩን ዘግቶ ያንኑ ያህል ጊዜ ጨለማ ያነሳል፣ ከዚያ የጨለማውን ነጥቦች ከመጀመሪያው ፎቶ ላይ ይቀንሳል። ብልህ ዘዴ ነው። ያም ሆኖ ለተከታታይ የኮከብ ፎቶ አጠፋዋለሁ፤ ግማሽ ሌሊቴን ይበላል።

የ4ኬ ቪዲዮም በዚሁ በሙቀት ነው የሚቋረጠው። 24፣ 25 ደቂቃ ላይ ማስጠንቀቂያ ያሳይና ይዘጋል። ሴንሰሩና ፕሮሰሰሩ ያለ እረፍት ይሠራሉ፣ ማቀዝቀዣ ፋን ደግሞ የለም። ረጅም ቃለ መጠይቅ ለምትቀርጹ አልመክረውም።

ድምፅ አልባውን ሻተር በጣም ወድጄው ነበር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ እስካሳፈረኝ ድረስ። ፎቶዎቹ ሁሉ ላይ አግድም ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ሴንሰሩ ምስሉን በአንዴ አያነብም፤ እንደ መጽሐፍ ከላይኛው ረድፍ ጀምሮ መስመር በመስመር ይወርዳል። ብዙ አምፖል ደግሞ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላል። ዓይናችን አያየውም፣ ለ1/1000 ሰከንድ ብቻ ብርሃን የሚቀበል ረድፍ ግን ያየዋል። የሻተሩን ፍጥነት ወደ 1/100 ሳወርደው መስመሩ ጠፋ።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አላሰኘኝም፤ ቀለሙ። የሚገርመው ሴንሰሩ ቀለም አለማወቁ ነው። በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ተለጥፏል፤ ግማሹ አረንጓዴ ነው። የኮዳኩ ብራይስ ቤየር በ1976 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዘዴ ነው። የጎደለውን ሁለት ቀለም ፕሮሰሰሩ ጎረቤት ፒክስሎችን አይቶ ይገምታል። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ላይ አንዳንዴ ግምቱ ይስትና ቀስተ ደመና ያለብሰዋል።

በ11ኛው ወር የቻርጅ ማስገቢያው ላላ። የወሰድኩበት ጥገና ቤት ስድስት ሳምንት አስቀምጦት «ዋናው ቦርድ ይቀየር» አለኝ። የጠራው ዋጋ ከካሜራው ግማሽ ይበልጣል። ካሜራዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። ሲከፍተው መጀመሪያ የነካው ማስገቢያውን አልነበረም፤ አብሮ የተሠራውን ፍላሽ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ ነው። ባትሪ ባይኖርም እዚያ ውስጥ ወደ 300 ቮልት ሊቀመጥ ይችላል። እቤታችሁ በካቻቢቴ ለመፍታት ያሰባችሁ ካላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ቻርጁን አፍስሶ ሲያበቃ ማስገቢያውን አሳየኝ። ብየዳው ለቆ ነበር፣ በቃ። በ20 ደቂቃ መልሶ በየደው።

ባትሪ አስገብቼ ስከፍተው ቀንና ሰዓት አስገባ አለኝ። ሰዓቱን የምታስኬደው ትንሿ ውስጣዊ ባትሪ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ባዶዋን ቀርታ ነበር። አንድ ቀን ባትሪው ውስጡ ሲያድር ሞላች። ማስገቢያው እስካሁን ጠንካራ ነው፤ እኔ ግን አላምነውም። ባትሪውን እያወጣሁ በውጪ ቻርጀር ነው የምሞላው።