ብረታ ብረት ላይ በእጅ መቅረጽ ለመጀመር የትኛውን መሣሪያ ልግዛ?

መቅረጽ ልጀምር የሚል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ማሽን ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳየኛል። ብዙ ጊዜ ፎቶው ላይ የማየው የሚንቀጠቀጥ የኤሌክትሪክ ብዕር ነው። እስቲ ከእሱ ልጀምር።

ብዕሩ ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይለመዳል። ለምሳሌ ድሬሜል 290 በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይመታል። ዕቃ ላይ ስም ለመጻፍ ጥሩ ነው። ግን ብረቱን አይቆርጥም፣ ነጥብ በነጥብ እየወጋ ይጭረዋል። በእጅ የተቀረጸ ጌጥ የሚያበራው ስለታም ጫፍ ብረቱን ልጦ ስለሚያነሳ ነው። የመስመሩ ጎን ለስልሶ እንደ መስታወት ይቀራል። ያንን ብልጭታ ከፈለጋችሁ ብዕሩን ተዉት።

ምርጫው ያለው በሦስት መሣሪያዎች መካከል ነው።

አንደኛው በመዳፍ የሚገፋው መቅረጫ ነው። የእንጨት እጀታና ስል ብረት፣ በቃ። እጀታው መዳፍ ውስጥ ይቀመጣል፤ አውራ ጣት ሥራው ላይ ተደግፎ እንደ ፍሬን ይይዛል። ድምፅ ስለሌለው ልጆች ከተኙ በኋላም ይሠራበታል። ለብር፣ ለመዳብና ለናስ ይበቃል። አረብ ብረት ላይ ግን እጅ ይደክማል። የደከመ እጅ ኃይል ሲጨምር መቅረጫው ያመልጣል። ግራ ጠቋሚ ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ የመጣው እንዲህ ነው። ግራ እጃችሁን መቅረጫው ከሚሄድበት ፊት ለፊት በፍጹም አታድርጉ።

ሁለተኛው በመዶሻ የሚመታው ነው። አረብ ብረት ላይ መቅረጽ ፈልጎ ገንዘቡ ላነሰው ሰው የምመክረው ይህን ነው። መዶሻው ቀላል ይሁን፤ ጭንቅላቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ይበቃል። ኃይሉ የሚመጣው ከብዙ ትንንሽ ምቶች ነው። ሁለቱም እጅ ስለሚያዝ ሥራው በሞርሳ መታሰር አለበት። ረጅምና ጥልቅ መስመር ላይ ይጎብዛል። ቀለበት ላይ ግን ያስቸግራል።

ሦስተኛው በአየር የሚሠራው ነው። እጀታው ውስጥ ያለች ትንሽ ፒስተን ተመላልሳ መቅረጫውን ትመታለች። እናንተ አቅጣጫ ብቻ ትሰጣላችሁ። በዚህ ዘርፍ የታወቁት የአሜሪካ አምራቾች የካንሳሱ ጂአርኤስና የነብራስካው ሊንዚ ናቸው። ጂአርኤስ በአብዛኛው በእግር ፔዳል ኃይሉን ያስመጥናል። ሊንዚ በመዳፍ ግፊት የሚታዘዝ ዓይነት አለው፤ እግር ነፃ ይሆናል። እጅ አይደክምም፣ ጠመዝማዛ ሐረግም ቶሎ ይለመዳል። ችግሩ ዋጋው ነው። ኮምፕሬሰርም ይፈልጋል፤ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጩኸቱ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ያለ ዘመድ ኮምፕሬሰር ልላክላችሁ ቢል እንዳትስማሙ። የዚያ አገር ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፣ የእኛ መብራት 220 ነው። ኮምፕሬሰሩን እዚሁ ግዙ። ዘመድ መቅረጫና እጀታ ያምጣ፤ ትንንሽ ናቸው። ብቻ ስለታም ስለሆኑ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግቡ።

ሦስቱም ግን ካልተሳሉ ያው ናቸው። ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው «እጄ አይሆንም» ብሎ ነው፤ እጁ ሳይሆን ጫፉ ነው የደነዘው። ለመጀመሪያ 120 ዲግሪ የሆነ የቪ ቅርጽ ጫፍ ያዙ። ፊቱ 45 ዲግሪ ገደማ፣ ከጫፉ ሥር የምትሳለው ትንሽ ገጽ፣ ተረከዝ የምንላት፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ትሁን። ተረከዟ በጣም አጭር መሆን አለባት፤ ከረዘመች ኩርባ ላይ የመስመሩን ጠርዝ ትጨፈልቃለች። ይህን በባዶ እጅ መጠበቅ ለጀማሪ ከባድ ነው። ስለዚህ ለማሽን ካሰባችሁት ገንዘብ ላይ ቀንሳችሁ ማዕዘን የሚይዝ መሳያ ግዙ። ባለ 600 እና ባለ 1200 የአልማዝ መሳያም ጨምሩ፤ ቁጥሩ ሲበዛ መሳያው ይለሰልሳል። ተረከዟ በደንብ ካበራች መስመሩም ያበራል። ስለቱን በአውራ ጣት ጥፍር ፈትኑ፤ ጫፉን በቀስታ ስታስነኩት ከነከሰ ተስሏል፣ ከተንሸራተተ ወደ መሳያው ተመለሱ።

የመቅረጫው ብረት ሃይስፒድ የሚባለው የመቁረጫ አረብ ብረት ወይም ከእሱ የሚጠነክረው ካርባይድ ይሆናል። ካርባይድ ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ግን ትንሽ ከተጣመመ ጫፉ ይሰበራል። ለጀማሪ ሃይስፒድ ይሻላል። ጭንቅላት ላይ የሚታሰር ማጉያ መነጽርም ያስፈልጋል፤ ማይክሮስኮፕ ይቆይ።

መለማመጃ 2 ሚሊሜትር የናስ ላሜራ ይሁን። መዳብ ለስላሳ ቢመስልም መቅረጫው ላይ ይጣበቃል። የአያትን ጌጥ አትንኩ፣ የማርያ ትሬዛ ብርም ቢሆን። ያ ብር 83.3 በመቶ ንጹሕ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ስለሆነ 92.5 በመቶ ንጹሕ ከሆነው 925 ብር ጠንከር ይላል። የተበላሸ መስመር ደግሞ ተመልሶ አይሞላም።

እኔ ዛሬ ብጀምር በመዳፍ የሚገፋውን፣ መሳያውንና አንድ ጥሩ የሚሽከረከር ሞርሳ እገዛ ነበር። የመጀመሪያው ሳምንት ትይዩ መስመር ብቻ። ከዚያ ክብ፤ ክቡ ላይ መቅረጫው ቦታውን ይዞ ሥራው ወደ እሱ ይዞራል። ስለዚህ ሞርሳ ስትገዙ በእጃችሁ አሽከርክሩት። ሳይንገጫገጭ የሚዞር ከሆነ ውሰዱት።