ጎማው ቀድሞ፣ ባሌስትራው ዘግይቶ፦ የ14 ወር የድራግ ሬስ ልምድ በፎርድ ላይትኒንግ ፒክአፕ

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከ14 ወር በፊት በድራግ ሬስ፣ ማለትም ከቆሙበት ተነስተው ቀጥ ያለ ሩብ ማይል (400 ሜትር ያህል) በሚሮጡበት የፍጥነት ውድድር፣ ለምወዳደርበት የ2001 ሞዴል ፎርድ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ፒክአፔ ድራግ ራዲያል የሚባሉ ሁለት የኋላ ጎማዎችን ገዛሁ፤ ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ ካልትራክስ የሚባለውን የባሌስትራ መያዣ ዘንግ እና ተስተካካይ አሞርዛተሮችን አስገጠምኩ። መጀመር የነበረብኝ ከኋለኛው ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ግን ገንዘቡንም ጊዜውንም ካወጣሁ በኋላ ነው።

መኪናው ከፋብሪካ የወጣው ባለ 5.4 ሊትር ቪ8 ሞተር ከነሱፐርቻርጀሩ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው መሣሪያ ጋር) ይዞ በ380 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ የእኔው አነስ ያለ የሱፐርቻርጀር ፑሌጃ ስለተገጠመለትና ኮምፒውተሩም ስለተስተካከለ ከዚያ በላይ ይሰጣል። ከነሾፌሩ 2,200 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከባዱ ሞተር ፊት ነው፤ ከኋላ ያለው ባዶ ካሶኒ ነው። ኃይሉን የሚቀበሉት ግን የኋላ እግሮች ብቻ ስለሆኑ፣ በፋብሪካው ልክ በ295/45 አር 18 የመንገድ ጎማ ስወዳደር ነዳጁን ገና ግማሽ ሳልረግጥ ጎማው በባዶ ይሽከረከር ነበር። በዚያ ጎማ የመጀመሪያዎቹን 60 ጫማ፣ ማለትም 18 ሜትር ከ30 ሳንቲሜትር ገደማ፣ የጨረስኩበት ምርጥ ሰዓት 2.25 ሰከንድ፣ ሩብ ማይሉን ያጠናቀቅኩበት ደግሞ 13.35 ሰከንድ ነው። ከሩጫው በኋላ ከሚሰጠው ወረቀት ላይ አስቀድሜ የማየው የ60 ጫማውን ቁጥር ነው፤ መነሻ ላይ የዳነች አንድ አስረኛ ሰከንድ ሩብ ማይሉ ማብቂያ ላይ እስከ አስረኛ ተኩል ትደርሳለችና።

ምርጫዬ በሁለት ዓይነት ጎማ መካከል ነበር። አንደኛው ጥርስ የሌለው፣ ጎኑ ለስላሳ የሆነው ስሊክ ነው፤ መነሻ ላይ ተሸብሽቦ መሬቱን ሲይዝ የሚያክለው የለም፣ ነገር ግን በመንገድ ላይ መንዳት አይፈቀድም፤ ከዚህም በላይ እንዲህ ያለ ከባድ መኪና በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ሲሮጥበት ጅራቱ ይዋልላል። ሁለተኛው ድራግ ራዲያል ነው፤ ጥቂት ጥርስ አለው፣ ለመንገድ የተፈቀደ ነው፣ ጎኑም ጠንከር ይላል። ፒክአፑ ሥራ የምሄድበትም ስለሆነ በ305/45 አር 18 ልክ ሁለተኛውን ወሰድኩ። ከቀድሞው ቁመቱ የሚበልጠው በ9 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ ከካሶኒው ጎን ጋር አልተነካካም፣ ቸርኬ መቀየርም አላስፈለገኝም።

የመጀመሪያው ቀን ያስደሰተኝም ያስደነገጠኝም በሜካኒክስቪል በሚገኘው ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ነው። መነሻው ላይ የሚረጨው ሙጫ መሰል ፈሳሽ የጫማን ሶል ይዞ እስኪያስቀር ድረስ የሚጣበቅ ነው። አረንጓዴው መብራት ሲበራ ጎማው በእርግጥ ያዘ፤ ነገር ግን ወዲያው የኋላ እግሩ ዱብ ዱብ እያለ መዝለል ጀመረ፣ መሪው በእጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ እኔም ነዳጁን ለቀቅኩ። በዚያን ዕለት ካደረግኋቸው አምስት ሩጫዎች ሦስቱ እንዲሁ ተበላሹ። ሳይዘል በሄደባቸው ሁለቱ 60 ጫማው 1.98፣ ሩብ ማይሉ 12.95 ሆነ። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ ይሁንና ከአምስት ሁለቱን ብቻ የሚያሳካ መኪና ለውድድር አይታመንም።

ጎማውን ጥፋተኛ አድርጌ ልመልሰው ስል ነበር በአዲስ አበባ ጋራዦች ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ አሁን እዚሁ የሚኖሩ አንድ ጋሼ መኪናውን በክሪክ አስነስተው ከሥር የገቡት። ብዙም ሳይቆዩ፣ «አንተ ልጅ፣ ጎማውን ተወው፤ ባሌስትራህ ነው የሚጠመዘዝብህ» አሉኝ። በዱሮው የፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ያዩትን ነገር በእጃቸው እያሳዩ አስረዱኝ፦ ሞተሩ ጎማውን ወደፊት ሲያዞር አክስሉ ራሱ ወደ ኋላ መዞር ይፈልጋል፤ አክስሉን የያዘው ባሌስትራ ብቻ ከሆነ ባሌስትራው እንደ እባብ ይጣመማል፣ ጎማው ለቅጽበት ሲለቅ ተመልሶ ይዘረጋል፣ እንደገና ይጣመማል። መዝለሉ ይኸው ነው። የመንገዱ ጎማ እያንሸራተተ ኃይሉን ያባክን ስለነበር ባሌስትራው ይህን ያህል አልተፈተነም ነበር፤ አዲሱ ጎማ መሬቱን ሲይዝ ድክመቱ ወጣ። በፊት በኩል ያለው የባሌስትራ ጆሮ ጎሚኒም ተሰነጣጥቆ አሳዩኝ። እሱንም ጨምሬ ቀየርኩ።

ካልትራክስ ከአክስሉ ሥር ተነስቶ በባሌስትራው የፊት ጆሮ ላይ ከተገጠመ ተንቀሳቃሽ ሳህን ጋር የሚገናኝ ዘንግ ነው። አክስሉ ሊዞር ሲል ዘንጉ ሳህኑን ወደፊት ይገፋል፣ ሳህኑም የባሌስትራውን የፊት ክፍል ከላይ ይጫነዋል፤ ስለዚህ ባሌስትራው መጣመሙን ትቶ ጎማውን ወደ መሬት ይገፋል። ከተገጠመ በኋላ መዝለሉ ጠፋ። «ቀነሰ» ብዬ ለመጻፍ ፈልጌ ነበር፣ ነገር ግን ባለፉት ዘጠኝ ወራት አንድ ጊዜም አልገጠመኝም። ምርጡ 60 ጫማዬ 1.80፣ ሩብ ማይሉ 12.68 ነው።

ማስተካከሉ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሞተሩ በሚያዞርበት አቅጣጫ ምክንያት የቀኙ የኋላ ጎማ መነሻ ላይ ይቀላል፤ ስለዚህ የቀኙ ዘንግ ከግራው ትንሽ ጠበቅ ይደረጋል። እኔ ዳዶውን አንድ ሙሉ ዙር አጠበቅሁትና መኪናው ወደ ግራ፣ ወደ መሃል መስመሩ ጎተተኝ። አሁን ያለው ሩብ ዙር ነው። የሚስተካከለውም ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ መኪናው በአራት እግሩ መሬት ላይ ቆሞ እንጂ በክሪክ ተንጠልጥሎ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ጊዜዬን የወሰደው የጎማው ንፋስ ነው። በመንገድ ላይ በ32 ፒ.ኤስ.አይ. (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) እነዳለሁ። ለስሊክ የሚመከረውን ዝቅተኛ ቁጥር ከሰዎች ሰምቼ አንድ ቀን ወደ 14 አወረድኩት፤ ይህ ለራዲያል፣ ያውም ለዚህ ክብደት፣ ስህተት ነው። ከመነሳቴ በፊት በጎማውና በቸርኬው ላይ በነጭ ጠመኔ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሬ ነበር፤ ስመለስ የጎማው መስመር ከቸርኬው መስመር ሁለት ጣት ያህል ርቆ አገኘሁት። ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጠመኔውን በጎማው ፊት ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እየቀባሁ፣ አሥር ሜትር ያህል በቀስታ እየነዳሁ የትኛው ክፍል እንደሚጠፋ ማየት ጀመርኩ፦ መሃሉ ብቻ ከጠፋ ንፋሱ በዝቷል፣ ጠርዞቹ ብቻ ከጠፉ አንሷል። በእኔ መኪና ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል የሚጠፋው በ19 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ በሞቃት ቀን 20 አደርገዋለሁ። አንድ ተኩል ፒ.ኤስ.አይ. የ60 ጫማውን ሰዓት በግልጽ ሲለውጠው አይቻለሁ። በነዳጅ ማደያ መለኪያ አይተማመኑ፤ ያመንኩት የማደያ መለኪያ በሦስት ፒ.ኤስ.አይ. የተሳሳተ ነበር።

ስለ አሞርዛተሮቹ ብዙ የምለው የለኝም። የፊቶቹን አፍንጫው ቶሎ ከፍ እንዲል እጅግ አላላኋቸው፤ አፍንጫው ከመጠን በላይ ተነስቶ ሲወድቅ ኋላው ቀለለና ጎማው ከ60 ጫማው በኋላ አንሸራተተ። ሦስት ደረጃ መልሼ አጠበቅሁ፣ አበቃ። ካሶኒው ውስጥ የአሸዋ ከረጢት የሚጥሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ የአሜሪካው የድራግ ሬስ ማኅበር የኤን.ኤች.አር.ኤ. ደንብ ያልታሰረ ክብደት አይፈቅድም፣ መፈቀድም የለበትም። በዚሁ ደንብ ሩብ ማይሉን በ13.99 ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ለሚጨርስ ሄልሜት የግድ ስለሆነ አዲሱን ጎማ የሚገዛ ሰው ያንንም በሂሳቡ ያካትት።

ከሩጫው በፊት ጎማው እንዲሞቅ ውኃ ላይ በባዶ እያሽከረከሩ ያጨሱታል፤ እኔ ግን ውኃው ውስጥ በቀጥታ አልገባም፤ የፊት ጎማዎቼ ባለ ጥርስ በመሆናቸው ውኃ ይዘው መነሻው ላይ ያንጠባጥባሉና በጎን ዞሬ በኋላ ማርሽ የኋላዎቹን ብቻ ጫፉ ላይ አሳርፋለሁ። ለራዲያል ሦስት አራት ሰከንድ ጭስ ይበቃል፤ ከዚያ ያለፈው ለተመልካች ነው።

በመንገድ ላይ ያለው ሕይወቱ ሌላ ነው። ባለፈው ሚያዝያ በ495 አውራ ጎዳና ላይ ዝናብ ሲያገኘኝ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሞላ ጅራቱ ውኃው ላይ ተንሳፈፈ፤ በቀኝ መስመር የአደጋ መብራት አብርቼ ቤቴ ደረስኩ። ከዚያ ወዲህ ደመና ካየሁ ፒክአፑን አላወጣም። ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋም ጎማው እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ሊሰነጠቅም ስለሚችል ከኅዳር ማብቂያ እስከ መጋቢት ፈትቼ ቤት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። በ14 ወር 6,000 ኪሎ ሜትር በመንገድ፣ ወደ 70 ሩጫ ደግሞ በውድድሩ ሜዳ ተጠቅሜበት የጥርሱ ጥልቀት ከ4.5 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወርዷል። መሃሉ ከጠርዙ ቀድሞ ያለቀው በመንገዱ 32 ፒ.ኤስ.አይ. ምክንያት ይመስለኛል።

እንደገና የምገዛ ቢሆን ዘንጉን እና የባሌስትራውን ጎሚኒ አስቀድሜ፣ ጎማውን በሚቀጥለው ደመወዝ እገዛ ነበር። የጎማውን ልክም አልቀይርም። የምቀይረው አንድ ነገር ቢኖር ቸርኬ ነው፦ በዚህ ክረምት ሁለት ትርፍ የፋብሪካ ቸርኬ አግኝቻለሁ፤ አዲሶቹ ራዲያሎች በእነሱ ላይ ተገጥመው የሚወጡት ለውድድር ቀን ብቻ ይሆናል፣ ለሥራው መንገድ የዱሮዎቹ 295ዎች ይመለሳሉ።